እግሩ ያጠረው ኮከብ

ሬሳውን ያገኘው ሰውዬ፣ እኛ እስክንደርስ፣ ሟቹ የተመታበትን ሽጉጥ አጽድቶ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ አጋድሞ ጠበቀን።

አሥራ ስድስት ዓመት ፖሊስ ሆኜ ስንት ጉድ አይቻለሁ! ማስረጃ የሚያቃጥል አይቻለሁ፤ የሚቀብር አይቻለሁ፤ ውሻው ላይ የሚያላክክ ሁሉ አይቻለሁ። ማስረጃውን ወልውሎ «ተረከቡኝ» የሚል ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ቦታው አሜሪካ ውስጥ ሜስኪት የምትባል ከተማ ዳር ነው፤ ጥፍር ማስዋቢያ ቤትና ጎማ ቤት መሀል የተሸጎጠች የጥንት መሣሪያ መሸጫ ሱቅ። ማክሰኞ ጠዋት ፓርክ አድርጌ ስወርድ ቁልፌ እንደ ልማዱ ኪሴን ቧጠጠው። የእናቴ ጸሎት ቤት ለአሥረኛ ዓመቱ ያደለው የነሐስ ማንጠልጠያ አለበት፤ ስሜ ፊደል በፊደል በመዶሻ የተመታበት፣ ዙሪያውን ጌጥ የሞላበት፣ ጠርዙ ያልተሞረደ ነገር። ስንት ሱሪ ቀደደብኝ! እንዳልጥለው እናቴ በየሳምንቱ ቁልፌን ታያለች።

ውስጥ የሱቁ ባለቤት ሚስተር ሃርገን፣ የሰባ አንድ ዓመት ሰው፣ ከመስታወት ሣጥኑ ጀርባ በግንባራቸው ተደፍተዋል። የተመቱት ከጆሯቸው በላይ ነው፤ በጥይት ሳይሆን በሽጉጡ እጀታ። ሐኪሙ ሰኞ አመሻሽ፣ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው አለ። ሰዓት የምቆጥረው በአሜሪካ ነው፣ መዝገቡ ላይ እንዳለው። የጠፋ ዕቃ የለም። በሩ ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ ነው፤ አልተሰበረም። ካሜራ ተብሎ የተሰቀለው ነገር ሽቦ እንኳ የለውም።

አለቃዬ ሳጅን ዱጋን በአገጩ ወደ ጓዳ አመለከተኝ። ሰብለወርቅ ማለት ስላቃተው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ሳብል» ይለኛል።

«ሳብል፣ የናንተ ሰው ነው። አነጋግሪው።»

«የናንተ ሰው» ሲል ደሜ ፈላ፤ ግን ገባሁ። አቶ ታፈሰ ይባላሉ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ስድስት ዓመት እዚያ ጓዳ ውስጥ አሮጌ ሽጉጥ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው። በርጩማ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ዘይት ዘይት ይላል።

«አባባ፣ ሽጉጡን ለምን ነኩት?»

«ቆሽሾ ነበራ!»

«ደም ነው'ኮ የነበረበት!»

«እሱን ነው የምልሽ። ደም ብረት ይበላል። ላዩ የተለበጠው ኒኬል ተሰንጥቆ ከሆነማ ለአንድ ሌሊትም አይምረውም።» ዓይናቸውን ከዓይኔ አልነቀሉም። «ሠላሳ አንድ ዓመት የጦር ኃይል መሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ቆሻሻ መሣሪያ ለማንም አስረክቤ አላውቅም። ስልክ ደወልኩ፤ አሥራ አራት ደቂቃ ፈጀባችሁ። መቼስ ለመንግሥት የማስረክበው ነው ብዬ አጸዳሁት።»

ማስታወሻዬን ዘግቼ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አባባ፣» አልኳቸው ቀስ ብዬ፣ «ያጸዱት'ኮ የገዳዩን አሻራ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ፊታቸው የተለወጠው። እጃቸውን ገልብጠው አዩት፤ ከዚያ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

ዱጋን በአንድ ቃል ጨረሰው። ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሞቷል። ሌላው ሰኞ አምስት ሰዓት ወጥቼ ቤቴ ብቻዬን አመሸሁ ይላል፤ ልጁ ሥራ ላይ ነበረች፣ ያየው ሰው የለም። ሽጉጡንም አጥቦታል።

«ሐሙስ ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፣» አለኝ። «በግድያ። እስከዚያ ሌላ ሰው ካለሽ አምጪ።»

*

ከሰዓት በኋላ አቶ ታፈሰን ከእስር ክፍላቸው አስወጥቼ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳቸው። ቀበቷቸውን ወስደውባቸው ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘዋል። አንገታቸው ግን አልተሰበረም።

«ሽጉጡን ያመጣውን ሰው ፈልጊ፣» አሉኝ፣ ገና ሳልጠይቅ።

«የሱቁ አይደለም?»

«የሱቁ ቢሆንማ ነገሩ ባለቀ ነበር፤ ሰው ለሽያጭ ያመጣው ነው። ልጄ፣ ወረቀት ስጪኝ።»

ወረቀት ሰጠኋቸው። የሪቮልቨር እጀታ ሳሉ፣ እንደ ባለሙያ መሐንዲስ። የጥንት ሽጉጥ ዋጋው ቀለሙ ነው አሉኝ። ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ልብጥ ካልተነካ ሰብሳቢዎች ይጋደሉበታል። አርጅቶ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ እዚያው እንደገና ከተለበጠ ዋጋው ይቀንሳል፣ ግን ክብሩ አለ። አንዱ ጋራዡ ውስጥ ከለበጠው ግን በቃ፣ ከብረትነት አያልፍም።

«በምን ይለያል?»

«ፋብሪካው ምልክት ያኖራል። እጀታው ታች፣ ከቁጥሩ ጎን ኮከብ ይመታል። የግራውን እንጨት ስትፈቺ ደግሞ ወርና ዓመቱ ብረቱ ላይ አለ። ፋብሪካው መጀመሪያ ይመታል፣ ከዚያ ይለብጣል። ስለዚህ ኒኬሉ ኮከቡ ውስጥ ድረስ ይገባል። ያኛው፣ ትናንት ያመጡልኝ፣ ከተለበጠ በኋላ ነው የተመታው። ኒኬሉ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል፤ ከንፈር አውጥቷል።»

«ሐሰተኛ ነው ማለት ነው።»

«ሐሰተኛ ብቻ ቢሆን ባልተገረምኩ። ደብተሬን አምጪልኝ።»

ደብተራቸው ከተያዘው ዕቃቸው መሀል ነበር። ጥቁር ሽፋን፣ በአማርኛ የተሞላ፤ የእያንዳንዱ ሽጉጥ ቁጥር፣ ምልክት፣ ጭረት። በአንድ ዓመት ውስጥ ከመዘገቧቸው አራት ሽጉጦች ጎን ያው አንድ ቃል ተጽፏል፦ «ኮከቡ፣ ግራ እግሩ አጭር።»

«አየሽ? የአንዱ እንጨት ሥር 1938 ይላል። የሌላው 1951። የሦስተኛው 1958። የትናንቱ 1964። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፋብሪካው በአንድ የተሰበረ ማህተም ሲመታ ኖረ? እኔን እንደዚህ ያለ ማህተም ይዘህ ሥራ ቢሉኝ ወርውሬው ነበር!»

«ለሚስተር ሃርገን ነገሯቸው?»

«ሰኞ ምሳ ላይ። ሦስቱን ተራ በተራ ሲያዩ ምንም አላሉም ነበር፤ አራቱን አንድ ላይ ሳሳያቸው ፊታቸው ቀላ። ‹ሰውዬው ዛሬ ከሥራ በኋላ ይመጣል፤ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፤ በሚቀጥለው ኤግዚቢሽንም ለሰው ሁሉ እነግርበታለሁ› አሉ።»

«ማነው ሰውዬው?»

«አልጠየቅኩም።»

«እንዴት አልጠየቁም! ደብተሩ ላይ ይህን ሁሉ ጽፈው ያመጣው ሰው ስም የለም?»

«እኔ የምመዘግበው ብረት ነው። ሰው መመዝገብ የናንተ ሥራ ነው፣» አሉኝ ኮስተር ብለው።

ላቦራቶሪው ሽጉጡን በማይክሮስኮፕ አይቶ እሳቸው ያሉትን ቃል በቃል አረጋገጠ። የኮከቡን ትልቅ ፎቶ አትሜ ለዱጋን ወሰድኩለት። ከታች በግራ በኩል ያለው እግር ከሌሎቹ በግማሽ ያጥራል።

ዱጋን ፎቶውን አይቶ መለሰልኝ። «ጥሩ። አጭበርባሪ አለ። ማህተም መምታት የሚችል፣ እንጨት የሚፈታ፣ ምልክቶቹን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ሳብል፣ አሁን የገለጽሽልኝን ዓይነት አንድ ሰው አውቃለሁ። ታች ታስሯል።»

እንዲህ ነው ሰው የሚያብደው! እኔ ላድናቸው ያወጣሁት ደብተር አንገታቸው ላይ ገመድ ሆነ።

*

የሃርገን የወንድም ልጅ ክሌይ ሱቁን የሚወርሰው እሱ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሄድኩ። ጋራዡ ውስጥ የብረት ማህተሞች ሞልተዋል፤ ፊደል፣ ቁጥር፣ ኮከብም አለ። ትኩስ ነገር አገኘሁ ብዬ ኮከቡን ቁራጭ መዳብ ላይ አስመታሁት። አምስቱም እግሮች እኩል ናቸው። ለማንኛውም ሰኞ ማታ ፎርት ወርዝ ከተማ ከሚስቱ ቤተሰብ ጋር ልደት ላይ ነበር፤ ሃያ ሰው አይቶታል፤ ኬኩን ሲቆርስ ቪዲዮ አለ።

«አጎቴ ሰነድ አይወድም ነበር፣» አለኝ። «ሞባይልም አልነበረውም። ግን አንድ ሰው የሱቁን ስልክ ሲደውል አንስቼ አውቃለሁ። ‹የኒኬሉ ጉዳይ ነው› አለኝ። አነጋገሩ እንደ ታፈሰ ነው።»

«ራሳቸው ታፈሰ ነበሩ?»

«አይ፣ ታፈሰ'ኮ ጎኔ ቆሞ ነበር።»

ይህን ቃሉን አስፈረምኩት። ዱጋን ግን «ግብረ አበር ይኖረዋል» ብሎ አለፈው።

እንደ አቶ ታፈሰ የሚናገር፣ ሱቁን የሚያውቅ፣ ከሃርገን ጋር የተጣላ። አንድ ሰው አለ ተባልኩ፤ ዮኒ የሚባል፣ የሱቁን ዕቃ ያመላልስ የነበረ ሾፌር። ሃርገን በጸደይ አባረውታል። ረቡዕ ጠዋት ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር ወዳለው አፓርትመንቱ ሄጄ አንኳኳሁ። በካልሲ ወጣ፣ ዓይኑ ያበጠ፣ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ።

«እህቴ፣ ሶ፣ እኔን ነው እንዴ ሰስፔክት የምታደርጊው?»

«ለምን አባረሩህ?»

«ቦክስ ዝናብ ላይ ጥዬ ሄድኩ። ማለቴ፣ የእኔ ፎልት ነው። ሰውዬው ጮኸብኝ፣ እኔም ጮህኩ፣ አለቀ። አሁን ኤርፖርት ነው የምሠራው፤ ሰኞ ከሁለት እስከ አሥር ክሎክ ኢን አድርጌ ነበር። ኮል አድርጊና ጠይቂ!»

ጠየቅኩ። የመግቢያ ባጁ አልዋሸም፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሻንጣ ሲጭን ነበር። ልወጣ ስል ከኋላዬ ጠራኝ።

«ጋሽ ታፈሰ ግን… እሳቸው ዝንብ አይገድሉም። ዝንቧን ያጸዷታል እንጂ።»

*

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ወንድም ባስልዮስ መጣ። የእናቴ ጸሎት ቤት ሽማግሌ ነው፤ ፕሌኖ ከተማ ትልቅ ቢሮ ይሠራል፤ ሰው ሲሞት አስከሬን የሚያስልክ፣ ሲታሰር ጠበቃ የሚያቆም፣ ሁሉም «እሱ ባይኖር» የሚልለት ሰው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው።

«እህት ሰብለ፣ ጌታ ይባርክሽ። አባታችን የኛ ጸሎት ቤት ባይሆኑም ወገናችን ናቸው። ትንሽ ላማክራቸው።»

ፈቀድኩ። አጠገባቸው ቆምኩ። ባስልዮስ የሽማግሌውን እጅ ያዘ።

«አባቴ፣ ‹ተናደድኩ፣ ሳላስበው መታሁት› ይበሉ። ጠበቃ እኛ እናቆማለን። ሳያስቡት የሆነ ነገር ተብሎ ይቀልልዎታል። ይህ አገር እልህ አይወድም። ለልጅዎ ይዘኑላት።»

አቶ ታፈሰ እጃቸውን አወጡ።

«ስምህ ማነው?»

«ባስልዮስ።»

«ባስልዮስ፣ እኔ ያልተረከብኩትን አላስረክብም። ያልሠራሁትን አልፈርምም። እዚሁ ብሞት እዚሁ ልሙት! ለልጄም ከውሸታም አባት የታሰረ አባት ይሻላታል።»

«እልህ ነው ይሄ…»

«አዎ፣ እልህ ነው! ሌላ ምን ቀረኝ? ቀበቶዬን እንኳ ወስደውታል።»

እንዴት ደስ አለኝ! ለፖሊስ አይባልም፣ ግን ደስ አለኝ። ባስልዮስ ራሱን እየነቀነቀ እስከ ኮሪደሩ አብሮኝ ሄደ።

«ልቤ ተሰበረ፣ እህቴ። ሰኞ ቪከሪ ሜዶ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ በአንዷ እህት ቤት ሴል ጸሎት ላይ ነበርን፤ ያኔውኑ መንፈሴ ከብዶኝ ነበር። ለካ ይህ ሊመጣ ነው።»

አመስግኜ ሸኘሁት። ጅል ነኝ፤ የት ነበርክ ሳልለው የት እንደነበረ ሲነግረኝ ጆሮዬ አልቆመም።

*

አራት ሰዓት ላይ እናቴ ዘንድ ሄድኩ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ የበላሁት ብስኩት ብቻ ነበር። እናቴ ዓለምሸት ሳህን አቀረበችልኝ፤ ምክርም አብራ።

«ሰብሊ፣ ሰውዬው ለምን አይፈርምም? ወንድም ባስልዮስ ደውሎ ነበር፤ ልጅሽ ትርዳን ብሏል።»

«እማ፣ ተይኝ በናትሽ!» ብዬ ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

የነሐሱ ማንጠልጠያ ከሳህኑ ጎን ዘርግቼው የነበረው የላቦራቶሪው ፎቶ ላይ ወደቀ። ጉርሻዬን ወደ አፌ ልወስድ ነበር፤ እጄ አየር ላይ ቀረ።

ዙሪያውን ያለው ጌጥ ኮከብ ነው። ትንንሽ፣ ባለ አምስት እግር ኮከብ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ የተመታ። አንድ ዓመት ሙሉ ኪሴን ሲቀድ የኖረ ነገር፤ አንድ ቀን ትኩር ብዬ አይቼው አላውቅም። አሥራ ሁለቱም፣ ከታች በግራ በኩል፣ አንድ እግራቸው አጭር ነው።

«እማ፣ ይህን ማን ነው የሠራው?»

«ወንድም ባስልዮስ ነዋ! ጋራዡ ውስጥ በገዛ እጁ፣ ለመቶ ሃያ ሰው። ምን ሆንሽ? ፊትሽ…»

«ሰኞ ሴል ጸሎት ላይ ነበርሽ። ስንት ሰዓት መጣ?»

ድስቱን ከደነች፤ ያልቆሸሸውን ጠረጴዛ ጠረገች።

«እማ!»

«መዝጊያ መዝሙር ላይ ነው የመጣው። ሰባት ሰዓት አልፎ። ሸሚዙ እርጥብ ነበር። 635 አውራ ጎዳናው ተዘግቶብኝ ነው አለ።»

«ይህን ጽፈሽ ትፈርሚልኛለሽ። ማንጠልጠያውንም እሱ እንደሠራው።»

«በጸሎት ቤት ሽማግሌ ላይ? እኔ?» እንባዋ መጣ። «አባትሽን የቀበረልኝ ሰው ነው'ኮ፣ ሰብለወርቅ!»

ሙሉ ስሜን ስትጠራ ነገሩ እንዳበቃ አውቃለሁ። የነሐሱን ዕቃ ከቁልፌ ፈትቼ በማስረጃ ከረጢት ከተትኩትና ወጣሁ። ምግቡን አልቀመስኩትም።

ዱጋን ማንጠልጠያውን በአጉሊ መነጽር አየው፤ ፎቶውንም አየው፤ እንደገና ማንጠልጠያውን አየ። ሰውዬው ግትር ነው እንጂ ዕውር አይደለም።

«ለብርበራ ፈቃድ ዳኛው ቃል ይፈልጋል፣» አለኝ። «ማን እንደሠራው የሚምል ሰው። መርማሪዋ እናቴ ነገረችኝ ብትል አይበቃም። አንድ ፊርማ አምጪ። ሁለት ፖሊስ እሰጥሻለሁ።»

*

የረቡዕ ጸሎት ስድስት ሰዓት ተኩል ይጀምራል። ሁለቱን ፖሊሶች በር ላይ አቁሜ ገባሁ። ወደ ሰማንያ ሰው አለ፤ ባስልዮስ ከፊት ወንበር ላይ ነው። መጋቢውን አስፈቅጄ መድረክ ላይ ወጣሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጊዜ መዝሙር ተሳስቼ ተስቆብኛል።

«አንድ ሽማግሌ ታስረዋል፣» አልኩ። «ነገ ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት በግድያ ይከሰሳሉ። አልገደሉም። ይህን የነሐስ ማንጠልጠያ ማን እንደሠራው፣ የሠራው ሰውም ሰኞ ማታ ስንት ሰዓት ሴል ጸሎት ላይ እንደደረሰ የሚፈርምልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ማንም ቀና አላለም። ሰማንያ ሰው፣ ሰማንያ ቁልፍ፣ ሁሉም ኪሱን ይዟል።

ባስልዮስ ፈገግ ብሎ ተነሳ። «እህታችን ደክሟታል። ሥራዋ ከባድ ነው። እንጸልይላት።»

«አትጸልዩልኝ!» ብዬ ጮህኩ። መድረክ ላይ ጮህኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። «ፈርሙልኝ!»

ሰው አጉረመረመ። አንዱ «ድፍረት ነው» ሲል ሰማሁ። መጋቢው ወደ ማይክሮፎኑ ሊመጣ ተነሳ። አቶ ታፈሰ በአንድ እጃቸው ሱሪያቸውን ይዘው ዳኛ ፊት ሲቀርቡ ታየኝ፤ አለቀላቸው ብዬ ልወርድ ነበር።

ያኔ ከሦስተኛው ረድፍ የእጅ ቦርሳ ሲከፈት ሰማሁ። እናቴ ናት። መቼ እንደመጣች አላየሁም። ዓይኗ አብጧል። ማንጠልጠያዋን ከቁልፏ ለማውጣት ስትታገል ጥፍሯ ተሰበረ፤ አላቆመችም። ወደ መድረኩ ወጥታ ነሐሱን ማይክሮፎኑ ሥር አስቀመጠችው። ቀጭ አለ፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማው።

«ባሌን ቀብሮልኛል፣» አለች፣ ወደ ሰው ዞራ። «ውለታውን አልረሳም። ግን ያልገደለ ሰው አስሬ ውለታ አልከፍልም። ይህን የሠራው ወንድም ባስልዮስ ነው። ሰኞም የመጣው ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ብዕር ስጪኝ።»

ሰጠኋት። ፈረመች።

«ሴሉ የእኔ ቤት ነበር፣» አለ ሌላ ድምፅ ከኋላ። ጊፍቲ ናት፣ ቪከሪ ሜዶ የምትኖረው ነርስ። «በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ሰባት ከሃያ ነበር። እጄን ልታጠብ ብሎ መጀመሪያ መታጠቢያ ቤት ነው የገባው። እኔም እፈርማለሁ።»

ባስልዮስ ቆሞ ነበር። የተተኮሰው ሸሚዙ ብብቱ ሥር ረጥቧል። ወደ በሩ ሦስት እርምጃ ሄደ፤ ፖሊሶቹን ሲያይ ቅርብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበሩት ሴትዮ ቦርሳቸውን ይዘው ተነሡ።

በዚያው ምሽት ጋራዡን ፈተሽን። ማህተሙ መሳቢያው ውስጥ በፍላኔል ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፤ ጫፉ የተሸረፈ፣ እግሩ ያጠረ። የቁጥር ማህተሞቹም አብረውት ነበሩ፤ አምስተኛ ሽጉጥም ለብጦ ኮከቡን መምታት ብቻ ቀርቶት ነበር። መካድ እንደማያዋጣው ሲያውቅ ውኃ ለመነኝና ጠጣ።

«‹ሌባ› አለኝ፣» አለ። «በኤግዚቢሽኑ ሁሉም ፊት ሌባ እንደሚለኝ ነገረኝ። እኔን! ዞር ሲል ሽጉጡ እጄ ላይ ነበር፤ በእጀታው መታሁት። የጎማ ቤቱ ሰዎች የኋላውን በር ሲያንኳኩ ደነገጥኩ፣ ከእጄ ወደቀ፣ ወጣሁ። አሻራዬ አለበት ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም። ማክሰኞ ሽማግሌው አጸዳው ሲባል… ጌታ ረዳኝ ብዬ ነበር።»

ይህን ሲል ልመታው ምንም አልቀረኝም። «ስምህን ያዳኑልህን ሰውዬ ነው ዛሬ ፈርሙ ያልካቸው?» አልኩት። ወንድም ማለቱ ከአፌ ጠፍቶ ነበር።

*

ሐሙስ ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሄደው የባስልዮስ ፋይል ነው። አቶ ታፈሰን ታች ካለው የእስረኛ መልቀቂያ መስኮት ላይ ተቀበልኳቸው። ቀበቷቸውን አጠለቁ። ደብተራቸውን ገልጠው ገጽ እንዳልጎደለ ቆጠሩ።

ዱጋን ራሱ ወርዶ ነበር። «ንገሪው፣ ይቅርታ። ግን ሁለተኛ ከወንጀል ቦታ ምንም ነገር እንዳይነካ።»

ተረጎምኩላቸው። አቶ ታፈሰ አሰቡበት።

«ሽጉጡ የት አለ?»

«ማስረጃ ክፍል ነው፣ አባባ።»

«ያን የአሻራ መፈለጊያ ጥቁር ዱቄት ነስንሳችሁበታል?»

«አዎ።»

«ይኸው! እኔ አጽድቼ አስረክቤ እናንተ አቆሸሻችሁት። ንገሪው፣ ባገኘው ነገም አጸዳዋለሁ። ግን መጀመሪያ እመዘግባለሁ፤ ማን እንዳመጣውም እጽፋለሁ። ጥፋቴ እሷ ናት፤ ተምሬያለሁ።»

ማስመሪያ ለመኑና አዲስ ገጽ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ከላይ «ያመጣው ሰው» ብለው ጻፉ። ከሥሩ «ባስልዮስ» ብለው የሽጉጡን ቁጥር በቃላቸው አስገቡ። ልንሄድ ነው ብዬ በሩን ስከፍት ግን አልተንቀሳቀሱም። ሌላ ነገር እየጻፉ ነበር። ጨርሰው ደብተሩን ለዱጋን ዘረጉለት።

«ምንድነው ይሄ?» አለኝ።

አነበብኩለት። «‹ማክሰኞ አንድ ጤነኛ ሰው ተረክበናል። ሐሙስ ያንኑ ሰው፣ ጥፋት ሳይኖርበት ሁለት ቀን አስረን፣ መልሰን አስረክበናል። የአስረካቢው ፊርማ።› ሳትፈርም አይወጡም፣ ሳጅን። አውቃቸዋለሁ።»

ዱጋን ወደ ሽማግሌው አየ። ሽማግሌው ብዕሩን ይዘው ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ምሳ ሰዓትም ቢደርስ ሊቆሙ ነው።

ፈረመ። አቶ ታፈሰ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት፣ ደብተሩን ዘጉ፣ ከዚያ ከኔ ቀድመው በሩን ወጡ።